ከምሥራቅ ለንደን እስከ ጦር ኃይሎች፦ ለድምፅ የታሰሩት ሲልቪያ ፓንክረስት

ከልደታ ባቡሩን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ብትሄዱ መጨረሻው ጦር ኃይሎች ነው። እዚያ ያለውን ሆስፒታል የማያውቅ የሰፈራችን ልጅ የለም። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1951 ሲከፈት ግን ስሙ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነበር። ለማሠሪያው እንግሊዝ አገር ውስጥ ደጅ እየጠኑ ገንዘብ ካሰባሰቡት ሰዎች ፊት መሪዋ ደግሞ አንዲት እንግሊዛዊት ነበሩ። ሲልቪያ ፓንክረስት ይባላሉ።

ቤተሰቦች፣ ዛሬ የእሳቸውን ሕይወት ይዘንላችሁ መጥተናል። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በኢትዮጵያ ወዳጅነታቸው ነው፤ ልክ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሕይወታቸው ግን ስለ ምርጫ ነው። ማን ይመርጣል? ማን ይመረጣል? ከተመረጠስ በኋላ ምን ያደርጋል? (ዓመተ ምሕረት ብለን ካልጻፍን በቀር ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለዱት ማንቸስተር ከተማ፣ ሜይ 5 ቀን 1882 ነው። ይቺን ቀን ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ቤታቸው ፖለቲካ ቁርስና ምሳ የሆነበት ቤት ነበር። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት የሕግ ሰው ነበሩ፤ በ1883 ለፓርላማ ተወዳድረው በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ፣ በ1895ም እንደገና ሞክረው አልቀናቸውም። እናታቸው ኤምሊን ግን በ1894 ለአካባቢው የድሆች መርጃ ቦርድ ተወዳድረው አሸነፉ። ልብ በሉ፤ ያኔ ሴት ለፓርላማ መምረጥም መመረጥም አትችልም። በአካባቢ ደረጃ ግን ጠባብ በር ተከፍቶ ነበር። ኤምሊን በዚያች ጠባብ በር ገብተው የድሃውን ኑሮ በዓይናቸው አዩ፤ ያዩት ነገርም እንቅልፍ ነሳቸው።

በ1903 እዚያው ማንቸስተር፣ ሳሎናቸው ውስጥ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገል ማኅበር ተመሠረተ። ዓለም በኋላ ሳፍራጄት ብሎ የጠራቸው ሴቶች ማለት ናቸው። ሲልቪያ ያኔ የሥዕል ተማሪ ነበሩ። ጎበዝ ሠዓሊ ነበሩ፤ የማኅበሩን ባነርና ሜዳልያ ይሠሩ ነበር። ሙያው ግን ቀስ በቀስ ቀረ። እስር ቤት እየገቡ እየወጡ እንዴት ይሣላል?

እስሩ ቀልድ አልነበረም። በረሃብ አድማ ላይ ያሉ ሴቶች በግድ ተይዘው ቱቦ በጉሮሯቸው እየገባ ይመገቡ ነበር። ሲልቪያ ይሄ በተደጋጋሚ ደርሶባቸዋል። በ1913 መንግሥት አዲስ ሕግ አወጣ፦ እስረኛዋ በረሃብ ስትዳከም ትለቀቃለች፣ ስታገግም ተመልሳ ትያዛለች። ሕዝቡ የድመትና የአይጥ ሕግ ብሎ ሰየመው። ሲልቪያ ከአይጦቹ አንዷ ነበሩ።

እዚህ ጋር ታሪኩ ይጠመዘዛል። እናታቸውና ታላቅ እህታቸው ክሪስታቤል ትግሉን የሀብታም ሴቶች ትግል እያደረጉት ሄዱ። ሲልቪያ ደግሞ ምሥራቅ ለንደን ገብተው ከፋብሪካ ሠራተኞችና ከልብስ አጣቢ ሴቶች ጋር መኖር ጀመሩ። ንብረት ያላት ሴት ብቻ ሳትሆን ማንኛዋም ሴት፣ ድሃውም ወንድ ጭምር ይምረጥ አሉ። በ1914 መጀመሪያ ላይ ከእናታቸው ማኅበር ተባረሩ። በቃ፣ እናትና ልጅ ተለያዩ።

ቦው በሚባለው ሰፈር አንድ ትምህርት ከዚያ በፊት ተምረው ነበር። በ1912 የሠፈሩ የፓርላማ አባል ጆርጅ ላንስበሪ ለሴቶች መብት ብለው ወንበራቸውን ለቀቁና በማሟያ ምርጫ እንደገና ተወዳደሩ። ውጤቱ 4,042 ለ3,291 ሆኖ ተሸነፉ። በዚያ ምርጫ የመረጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ስለ ሴቶች መብት ሴቶች የማይጠየቁበት ምርጫ! ሲልቪያ ከዚህ በኋላ ሥራቸውን ከታች ጀመሩ፤ ቤት ለቤት፣ መንገድ ለመንገድ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ምሥራቅ ለንደን ተራበ። ሲልቪያና ጓደኞቻቸው በርካሽ የሚበላበት ምግብ ቤት ከፈቱ። የጠመንጃ ሠሪዎች ስም የነበረውን መጠጥ ቤት የእናቶች ክሊኒክና የሕፃናት ማቆያ አደረጉት፤ ስሙንም ወደ እናቶች ስም ቀየሩት። ሥራ ላጡ ሴቶች የአሻንጉሊት ፋብሪካ አቋቋሙ። ጋዜጣም ያሳትሙ ነበር።

ጦርነቱ አለቀ። በ1918 ሕጉ ተቀየረ፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው። ድምፅ የተሰጠው ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑና የንብረት መስፈርት ለሚያሟሉ ሴቶች ነበር። ወንድ በ21 ዓመቱ ይመርጣል። ሴቶች እኩል የሆኑት በ1928 ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ኖቬምበር 1919 ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያው የለንደን የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ ተካሄደ። ሲልቪያ የሠሩበት የቦው ሰፈር ያለው በፖፕላር ነው፤ እንደኛ ክፍለ ከተማ በሉት። ሌበር ፓርቲ ከ42 ወንበር 39ኙን ጠራርጎ ወሰደ። የመርከብ ጫኝ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ የቤት እመቤት ምክር ቤት ገባ። ከአባላቱ መካከል ጁሊያ ስከር፣ ሚኒ ላንስበሪና ኔሊ ክሬሶል ነበሩ፤ ሦስቱም ከሲልቪያ ማኅበር የወጡ ሴቶች ናቸው።

ተመርጠው ዝም አላሉም። ለምክር ቤቱ ሠራተኞች በሳምንት 4 ፓውንድ ዝቅተኛ ደመወዝ ቆረጡ፤ ለወንድም ለሴትም እኩል። ከዚያ ትልቁ ፀብ መጣ። የድሃ ሰፈር ምክር ቤትም ሆነ የሀብታም ሰፈር ምክር ቤት ለለንደን ከተማ አስተዳደር ገንዘብ ማዋጣት ነበረበት። ግን የድሃ ሰፈር ቤት ርካሽ ነው፤ ስለዚህ ያንኑ ገንዘብ ለመሰብሰብ ድሃው ላይ ከባድ የቤት ግብር መጣል ግድ ይላል። ፖፕላር አንከፍልም አለ። በ1921 ሠላሳ የምክር ቤት አባላት እስር ቤት ገቡ። ስድስት ሳምንት ያህል ቆይተው ሲወጡ መንግሥት ሕጉን ቀየረ፤ የሀብታም ሰፈሮች ከድሃ ሰፈሮች ጋር ሸክሙን እንዲካፈሉ ሆነ። ሚኒ ላንስበሪ ግን ከእስር በወጣች በጥቂት ወራት፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1922 በሳንባ ምች ሞተች። 32 ዓመቷ ነበር።

ሲልቪያስ የት ነበሩ? የሚገርመው ነገር ይሄ ነው። ሴቶቻቸው የምርጫ ካርድ ይዘው ሲያሸንፉ እሳቸው በምርጫ ተስፋ ቆርጠው ነበር። ከሩሲያ አብዮት በኋላ ፓርላማ ለድሃው አይሠራም፣ ሠራተኛው የራሱን ሸንጎ ያቁም የሚል አቋም ያዙ። በ1920 ሞስኮ ሄደው ከሌኒን ጋር ተከራከሩ፤ በጋዜጣቸው በወጡ ጽሑፎችም እንደገና ታሰሩ። ከኮሚኒስቶቹም ጋር ብዙ አልቆዩም። ሰው የሚለውን የሚደግሙ አልነበሩም።

ከጣሊያናዊው ስደተኛ ሲልቪዮ ኮሪዮ ጋር መኖር ጀመሩ፤ በ1927 በ45 ዓመታቸው ልጃቸውን ሪቻርድን ወለዱ። ሳይጋቡ በመውለዳቸው እናታቸው በጣም ተቆጡ፤ ኤምሊን በቀጣዩ ዓመት ሲሞቱ አልታረቁም ነበር።

ኮሪዮ ፋሺዝም የነገሠበት አገር ሰው ነውና፣ ሙሶሊኒ ምን እንደሆነ ሲልቪያ ከብዙዎች ቀድመው ገባቸው። ኢትዮጵያ ስትወረር ቁጭ ብለው ማየት አልቻሉም። ጋዜጣ ጀመሩ፤ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ። የመጀመሪያው እትም የወጣው ሜይ 5 ቀን 1936 ነው። የልደታቸው ቀን! በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያችው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ። ዛሬ የአርበኞች ቀን ብለን የምናከብራት ቀን ናት።

ጋዜጣው በየሳምንቱ ሃያ ዓመት ወጣ። ስለ መርዝ ጋዙ፣ ስለ የካቲት 12 ጭፍጨፋ፣ ሌላው ዓለም ጆሮውን በደፈነበት ጊዜ ጻፈ። በሚኖሩበት በውድፎርድም በአየር ድብደባ ላይ የተቃውሞ ሐውልት አቆሙ፤ በድንጋይ የተቀረፀ ቦምብ ነው፣ እስከ ዛሬ አለ። የውድፎርድ የፓርላማ አባል ደግሞ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ዊንስተን ቸርችል። ከነፃነት በኋላም እንግሊዝ ኢትዮጵያን በእጅ አዙር ልትይዝ ስትሞክር፣ ሲልቪያ የገዛ አገራቸውን መንግሥት በደብዳቤ ጎርፍ አስጨነቁት።

የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምረው ነበር። በ1942 ነቀምት ሞቱ። ሲልቪያ በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ መዋጮ አሰባሰቡ፤ ያ ነው የኛው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል።

በ1956 በ74 ዓመታቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ መጡ። ያኔ ቦሌ ገና ነው፤ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ልደታ ነበር። ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የሚባል መጽሔት ማዘጋጀት ጀመሩ። ልጃቸው ሪቻርድ ደግሞ በኋላ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የሆኑት የታሪክ ሊቅ ናቸው።

በመጡ በዓመቱ፣ በ1957፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ጠቅላላ ምርጫ አካሄደች። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 ለሞላ ወንድም ሴትም እኩል ድምፅ ሰጥቶ ነበር። አርበኛዋና መምህርቷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተወዳድረው አሸነፉ፤ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ፓርቲ አልነበረም፣ ለመወዳደር ንብረት ያስፈልግ ነበር፣ ዋናው ሥልጣን የንጉሡ ነበር። ቢሆንም ለንደን ውስጥ ቱቦ የተከተተባቸው ሴት በእርጅናቸው በሚኖሩበት ከተማ ሴት ስትመረጥ ለማየት በቁ።

ሲልቪያን የሚተቹም አሉ። ዕድሜ ልኩን ዘውድን ሲቃወም የኖረ ሰው እንዴት የንጉሥ ወዳጅ ይሆናል? በኤርትራ ጉዳይም ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድን አጥብቀው መደገፋቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኛ ትችቱ ቦታ አለው እንላለን። የተበደለን ሲያዩ የሚሮጡ ሰው ነበሩ፤ የተበደለው ወዳጃቸው ሥልጣን ላይ ሲቀመጥ ግን ዓይናቸው እንደ ድሮው አልተሳለም።

ሴፕቴምበር 27 ቀን 1960 አረፉ። በእኛ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት። ወለተ ክርስቶስ ተብለው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ከአርበኞች ጋር ተቀበሩ። ሦስት ወር ሳይሞላ የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አገሪቱን አናወጣት፤ እሳቸው አላዩትም።

ቤተሰቦች፣ ትልቁ ምርጫ ሲመጣ ሁላችንም እንነቃለን። የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ሲሆን ግን ማን እንደተወዳደረም አንጠይቅም። የፖፕላር ሴቶች የቤት ግብር፣ የደመወዝና የሕፃናት ወተት ጉዳይ የሚወሰነው እዚያ እንደሆነ ገብቷቸው ነበር። ሚኒ ላንስበሪ የሞተችው ለሰፈር ምክር ቤት ነው።

እናንተስ? የወረዳችሁን የምክር ቤት ተወካይ ስም ታውቃላችሁ? ከታች ጻፉልን። ካላወቃችሁም ጻፉ፤ ብዙ ነን።