ሞተርን በውኃ ያበረዱት ንድፍ አውጪ፦ ዊልሄልም ማይባክ

ጠንቃቃ ሾፌር ማለዳ ተሽከርካሪውን ከማስነሣቱ በፊት የራዲያተሩን ውኃ ይመለከታል። ለአንድ ደቂቃ እንኳ የማይፈጀው ይህ ልማድ ተራ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ በመኪናው አፍንጫ ላይ የተቀመጠው ራዲያተር ከመገኘቱ በፊት ሞተር ከአንድ ሠረገላ ወደ ሌላው እየተገጠመ ቢሞከርም ረጅም ርቀት በአስተማማኝ ሁኔታ ለመጓዝ አዳጋች ነበር። ይህን ችግር በመፍታት ረገድ ከፍተኛውን ድርሻ ያበረከቱት ጀርመናዊው መሐንዲስ ዊልሄልም ማይባክ ናቸው። ማይባክ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በሌሎች ስም በሚጠሩ ድርጅቶች ውስጥ በደመወዝ ተቀጥረው ሲሆን፣ የሥራቸው ውጤት ግን ዛሬም በየጎዳናው ይታያል።

ማይባክ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 9 ቀን 1846 በደቡብ ጀርመን በምትገኘው ሃይልብሮን ከተማ ነው። አባታቸው በአናጢነት ሙያ የሚተዳደሩ ነበሩ። እናታቸውና አባታቸው በተከታታይ በመሞታቸው ገና በአሥር ዓመታቸው ያለ ወላጅ ቀርተዋል። በወቅቱ በሮይትሊንገን ከተማ ጉስታፍ ቬርነር የተባሉ የሃይማኖት ሰው ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ተቋም ችግረኞችንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ይረዳ ስለነበር፣ ማይባክ ወደዚያው ተወሰዱ። ተቋሙ ምግብና መጠለያ ከመስጠት አልፎ የራሱ የማሽን ፋብሪካ የነበረው በመሆኑ ሕፃናቱን ሙያ ያስተምር ነበር። ማይባክም በዚሁ ፋብሪካ የቴክኒክ ንድፍ ሥራን ተማሩ።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የቀየረው አጋጣሚ የተፈጠረውም በዚያው ተቋም ነው። በ1860ዎቹ አጋማሽ የፋብሪካው ኃላፊ የነበሩት መሐንዲስ ጎትሊብ ዳይምለር የወጣቱን ንድፍ አውጪ ችሎታ በመገንዘብ አጠገባቸው አድርገው ያሠሯቸው ጀመር። በዕድሜ 12 ዓመት ያህል የሚበልጧቸው ዳይምለር ሐሳብ አፍላቂና ሥራ አደራጅ ሲሆኑ፣ ማይባክ ደግሞ ሐሳቡን በወረቀት ላይ ነድፈው ወደ ተጨባጭ ማሽን የሚለውጡ ነበሩ። ሁለቱ በመጀመሪያ ወደ ካርልስሩኸ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1872 በኮሎኝ አቅራቢያ ወደሚገኘው የዶይትስ የጋዝ ሞተር ፋብሪካ ተዛወሩ። ማይባክ በዚያ ፋብሪካ የንድፍ ክፍል ኃላፊ ሆነው ያገለገሉ ሲሆን፣ ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ያስተዋወቁት ባለ አራት ምት ሞተር ለገበያ እንዲበቃ ካደረጉት ባለሙያዎች መካከል አንዱ ናቸው።

ዳይምለር ከፋብሪካው ባለቤቶች ጋር ባለመግባባታቸው እ.ኤ.አ. በ1882 ሥራቸውን ለቀው በሽቱትጋርት አጠገብ በምትገኘው ካንሽታት መኖሪያ ቤት ገዙ። ማይባክም ተከተሏቸው። ሁለቱ በግቢው የአትክልት ስፍራ የሚገኘውን የመስታወት ቤት ወደ መሥሪያ ቦታ ለውጠው ቀን ከሌሊት መሥራት ጀመሩ። በዚያ በድብቅ የሚሰማው የብረት ድምፅ ያሳሰበው አትክልተኛ ሐሰተኛ ገንዘብ እየተሠራ ነው ብሎ ለፖሊስ ማመልከቱና ፖሊሶችም ገብተው ሲፈትሹ ከሞተር በስተቀር ያገኙት ነገር አለመኖሩ ይነገራል።

የሁለቱ ዓላማ በተሽከርካሪ ላይ ሊጫን የሚችል ቀላልና ፈጣን ሞተር መሥራት ነበር። በዚያን ዘመን የነበሩት የፋብሪካ ሞተሮች በደቂቃ ከ120 እስከ 180 ጊዜ የሚዞሩ ከባድ ማሽኖች ሲሆኑ፣ ማይባክና ዳይምለር እ.ኤ.አ. በ1883 የሞከሩት ሞተር በደቂቃ 600 ጊዜ ያህል መዞር ቻለ። ይህም እ.ኤ.አ. በ1885 ባለ ሁለት እግር ተሽከርካሪን በሞተር ለማስኬድ አበቃቸው።

ይሁንና ፍጥነቱ ሌላ ችግር ይዞ መጣ። ሞተር በፍጥነት በዞረ መጠን በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቃጠለው ነዳጅ የሚፈጥረው ሙቀት ይበረታል። ሙቀቱ በወቅቱ ካልተወገደ ዘይቱ ይሳሳል፣ ብረቱ ይለጠጣል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሞተሩ ይቆማል። የአነስተኛ ሞተርን ሙቀት ነፋስ ሊያስወግደው ቢችልም ለትልቅ ሞተር ግን በቂ አይሆንም። ስለሆነም የመኪና ዕድገት የሚወሰነው ሞተሩን በማተለቅ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱን ማውጣት በመቻል ጭምር ነበር።

ዳይምለር እ.ኤ.አ. በ1886 በሽቱትጋርት ከሚገኝ ሠረገላ ሠሪ ድርጅት አንድ የፈረስ ሠረገላ አዘዙ። ምሥጢሩ እንዳይታወቅ ሠረገላው ለባለቤታቸው የልደት ስጦታ እንደሆነ ተደርጎ ተነገረ። ሠረገላው ሲደርስ ፈረስ የሚታሰርበት እንጨት ተነሥቶ 1.1 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ተገጠመለት። ለፈረስ የተሠራውን አካል ለሞተር ማስማማት ቀላል አልነበረም። መሪው፣ የኃይል ማስተላለፊያውና የሞተሩ ማቀፊያ ሁሉ እንደ አዲስ መታሰብ ነበረባቸው። በመጀመሪያ በነፋስ ይቀዘቅዝ የነበረው ሞተርም ኋላ ላይ በውኃ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ።

በዚሁ ዓመት በማንሃይም ከተማ ካርል ቤንዝ ያቀረቡት ባለ ሦስት እግር መኪና ሞተሩን በውኃ ያቀዘቅዝ ነበር። ነገር ግን ውኃው እየፈላ በእንፋሎት መልክ ስለሚጠፋ በጉዞ ላይ ደጋግሞ መሙላት የግድ ነበር። ማይባክ ውኃው ሳይባክን እየዞረ ደጋግሞ የሚያገለግልበትን መንገድ መፈለግ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1889 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቀረበው የብረት ጎማ ያለው መኪና የዚህ ጥረት ውጤት ነው። በዚህ መኪና ላይ ማይባክ ከባዶ የብረት ቱቦዎች የተሠራውን አካል የማቀዝቀዣው ውኃ መተላለፊያ አደረጉት። ስለዚህ ቱቦው መኪናውን ተሸክሞ ከመያዙም በላይ ሞተሩን የማቀዝቀዝ አገልግሎት ሰጠ። ይህ መኪና ከሠረገላ የተለወጠ ሳይሆን ከመጀመሪያው ለሞተር ተብሎ የተነደፈ መሆኑ ልዩ ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1890 ባለገንዘቦች የተሳተፉበት የዳይምለር ሞተር ኩባንያ ሲቋቋም ለማይባክ የቀረበላቸው የሥራ ውል ተቀባይነት ያለው ሆኖ ባለማግኘታቸው በ1891 መጀመሪያ ኩባንያውን ለቀቁ። ዳይምለርም ከባለገንዘቦቹ ጋር ተቃቃሩ። ሁለቱ ወዳጆች ግን ግንኙነታቸውን ሳያቋርጡ በካንሽታት በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የራሳቸውን ሥራ ቀጠሉ። ማይባክ ቤንዚንን በቀጭን ቀዳዳ እየረጨ ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር የሠሩት በዚህ ወቅት ነው። በአንጻሩ ያለ እነርሱ የቀረው ኩባንያ እየተዳከመ ሄደ። አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ የኩባንያውን የምርት ፈቃድ ለመግዛት ዳይምለር መመለስ አለባቸው የሚል ቅድመ ሁኔታ በማስቀመጡ እ.ኤ.አ. በ1895 ሁለቱም ተመለሱ። ማይባክም የቴክኒክ ዳይሬክተር ሆነው ተሾሙ።

እ.ኤ.አ. በ1897 ማይባክ ባለ ቱቦ ራዲያተር አበረከቱ። ውኃ በያዘ ሣጥን ውስጥ በርካታ ቀጫጭን ቱቦዎች ተደርድረው ነፋስ በቱቦዎቹ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ይወስዳል። የአሠራሩ መሠረታዊ ሐሳብ ውኃውን ማብዛት ሳይሆን ውኃውና አየሩ የሚገናኙበትን ገጽ ማስፋት ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ኀዘን መጣ። እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1900 ጎትሊብ ዳይምለር አረፉ። በዚያው ወር መጨረሻ በፈረንሳይ ኒስ አካባቢ በተካሄደ የዳገት ውድድር ላይ የኩባንያውን መኪና ያሽከረክሩ የነበሩት ዊልሄልም ባወር በደረሰባቸው አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። መኪናው ቁመቱ ረጅም፣ ከባድና በመታጠፊያ ላይ አስቸጋሪ ነበር። በኒስ የሚኖሩት ኦስትሪያዊው ነጋዴ ኤሚል የሊኔክ ጉዳዩ ውድድር በማቆም ሳይሆን መኪናውን በመለወጥ ሊፈታ እንደሚገባ በማመን፣ ዝቅ ያለና ረዘም ያለ አዲስ መኪና እንዲሠራላቸው አጥብቀው ጠየቁ። በ550 ሺህ ማርክ 36 መኪኖች ያዘዙ ሲሆን፣ መኪናው በልጃቸው ስም ሜርሴዲስ ተብሎ እንዲጠራ አደረጉ።

የንድፉ ኃላፊነት የወደቀው በማይባክ ላይ ነበር። ባልንጀራቸውን ባጡ ማግሥት በጥቂት ወራት ውስጥ 35 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ነደፉ። ይህን ያህል ኃይል ያለው ሞተር የሚያወጣውን ሙቀት ቀደም ሲል የነበረው ራዲያተር በብቃት ሊያስወግደው አይችልም ነበር። ማይባክ የማር እንጀራ የሚመስለውን ራዲያተር ያስተዋወቁት ለዚህ ነው። አዲሱ ራዲያተር እያንዳንዳቸው በ6 ሚሊ ሜትር የጎን ስፋት የተሠሩ 8 ሺህ 70 ባለ አራት ማዕዘን ቱቦዎች የነበሩት ሲሆን፣ የሚያስፈልገውን ውኃ ወደ 9 ሊትር ዝቅ አድርጎታል። ተሽከርካሪው በዝግታ በሚጓዝበት ጊዜ የነፋስ እጥረት እንዳይኖር ከራዲያተሩ ኋላ ቬንትሌተር ተገጠመ።

የመጀመሪያው መኪና በዲሴምበር 1900 ለየሊኔክ ተላከ። እ.ኤ.አ. በማርች 1901 በኒስ በተካሄዱት ውድድሮች ሜርሴዲስ ተወዳዳሪዎቹን ሁሉ በልጦ ተገኘ። ሞተሩ ከፊት፣ ራዲያተሩ ከሞተሩ ፊት፣ አካሉም ዝቅ ብሎ የተቀመጠበት ይህ አሠራር ለረጅም ዘመን የመኪና ሁሉ መልክ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ ስኬት በኋላ በኩባንያው ላይ የዳይምለር፣ በመኪናው ላይ የየሊኔክ ልጅ ስም ሲጻፍ የማይባክ ስም ከሙያው ሰዎች ውጭ ብዙም አልታወቀም። ፈረንሳውያን የንድፍ ባለሙያዎች ንጉሥ የሚል ቅጽል ቢሰጧቸውም በገዛ መሥሪያ ቤታቸው ግን ደጋፊያቸው ዳይምለር ከሞቱ ወዲህ ሥልጣናቸው ደረጃ በደረጃ እየተሸረሸረ ሄደ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1907 በ61 ዓመታቸው ኩባንያውን ለቀቁ።

ማይባክ ግን በምሬት አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ1909 ከፈርዲናንድ ሴፔሊን ጋር በመተባበር ለአየር መርከቦች ሞተር የሚያመርት ድርጅት እንዲቋቋም አደረጉ። ሥራውን የመሩት ልጃቸው ካርል ሲሆኑ አባት በምክር ደገፏቸው። ድርጅቱ ኋላ የማይባክን ስም የያዘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮም በዚሁ ስም የሚጠሩ መኪኖች ለሕዝብ ቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በ1916 የሽቱትጋርት የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

ዊልሄልም ማይባክ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 1929 በ83 ዓመታቸው በካንሽታት አርፈው፣ የቀድሞ አለቃቸውና ወዳጃቸው ዳይምለር ባረፉበት መካነ መቃብር ተቀብረዋል።

በሥራ ዓለም ውጤቱን የሚያስገኘው ሰውና በውጤቱ ስሙ የሚነሣው ሰው ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም። በበጎ አድራጎት ተቋም ያደጉት እኚህ ንድፍ አውጪ ዕውቅናን ሳይጠብቁ የሠሩት ሥራ ከዘመናቸው አልፎ የእኛንም ዘመን እያገለገለ ይገኛል። ማለዳ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውኃውን የሚመለከት ሾፌር ሁሉ፣ ስማቸውን ባያውቀውም የማይባክን የሥራ ውጤት በእጁ ይነካል።