ዊሊያም ፍሪዝ-ግሪን

ዊሊያም ፍሪዝ-ግሪን (ሴፕቴምበር 7 ቀን 1855 – ሜይ 5 ቀን 1921 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ ፎቶግራፍ አንሺና የፈጠራ ሰው ነበር። ከሲኒማ ጀማሪዎች አንዱ ሲሆን፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በሁለት ሌንስ የሚቀርጽ ካሜራ ይዞ ባለ ሦስት አውታር (ስቴሪዮስኮፒክ) ተንቀሳቃሽ ምስል ለመሥራት ሞክሯል። የሲኒማ ፈጣሪ መባል ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ጥያቄ ከሞቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት አከራክሯል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወት

በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ዊሊያም ኤድዋርድ ግሪን ተብሎ ተወለደ። ከትምህርት ቤት እንደወጣ በአንድ ፎቶግራፍ ቤት ሙያውን መማር ጀመረ። በ1874 ሄሌና ፍሪዝ የተባለች የስዊስ ተወላጅ አገባ፤ የእርሷንም የቤተሰብ ስም ከራሱ ጋር አጣምሮ ፍሪዝ-ግሪን ተባለ። ብዙም ሳይቆይ በባዝና በብሪስቶል የራሱን ፎቶግራፍ ቤቶች ከፈተ።

በባዝ የሳይንስ መሣሪያዎች ሠሪ ከነበረው ከጆን ራጅ ጋር ተዋወቀ። ራጅ በመስታወት ላይ ያሉ ተከታታይ ሥዕሎችን በፍጥነት እያፈራረቀ ግድግዳ ላይ የሚያሳይ ፋኖስ ሠርቶ ነበር። ፍሪዝ-ግሪን ሕይወቱን በሙሉ የተከተለውን ሐሳብ ያገኘው ከዚህ ነው።

የተንቀሳቃሽ ምስል ሙከራዎች

በ1885 ወደ ለንደን ሄዶ ፎቶግራፍ ቤቶች ከፈተ። ሥራው ጥሩ ገቢ ቢያስገኝለትም፣ ገንዘቡን የሚያፈሰው በሙከራ ላይ ነበር። መስታወት ከባድና ተሰባሪ ስለሆነ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ምስል ለማንሳት አይመችም። ስለዚህ በመጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎም በጊዜው አዲስ የነበረውን ሴሉሎይድ ሞከረ። በጁን 1889 ከመሐንዲሱ ሞርቲመር ኤቫንስ ጋር ለአንድ ካሜራ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጠየቀ። ካሜራው በጥቅል ፊልም ላይ ተከታታይ ምስሎችን ያነሳ ነበር። ሆኖም የሚያነሳው በሴኮንድ ጥቂት ምስል ብቻ ስለነበረ፣ እንቅስቃሴው ለዓይን ሳይቆራረጥ እንዲታይ የሚያስችል አልነበረም።

ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ

የሰው ሁለት ዓይኖች ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው ስለሚገኙ አንድን ነገር የሚያዩት ትንሽ ከተለያየ አቅጣጫ ነው። አንጎል ሁለቱን ምስሎች አዋሕዶ ርቀትንና ጥልቀትን ይረዳል። ቻርልስ ዊትስቶን ይህን በ1838 ካሳየ በኋላ፣ በሁለት ሌንስ የተነሱ ጥንድ ፎቶግራፎችን በመመልከቻ ማየት በአውሮፓ የተለመደ መዝናኛ ሆኖ ነበር።

ጥንዱን ምስል ማንቀሳቀስ ግን ሌላ ችግር ያመጣል። የግራውና የቀኙ ምስል በአንድ ቅጽበት መነሳት አለባቸው። አንዱ ከሌላው ትንሽ ከዘገየ የሚራመደው ሰው ቦታ ይለውጣል፤ ተመልካቹም ያንን ለውጥ ከጥልቀት ጋር ያምታታዋል። በ1890 ፍሬድሪክ ቫርሊ ከፍሪዝ-ግሪን ጋር የሠራበት ካሜራ ይህን የፈታው ሁለቱን ሌንሶች ጎን ለጎን አድርጎ በአንድ ሰፊ ፊልም ላይ ጥንድ ምስል በማሳረፍ ነበር። መብቱ የወጣው በቫርሊ ስም ሲሆን፣ ፍሪዝ-ግሪን ተመሳሳይ ንድፍ በ1893 በራሱ ስም አስመዝግቧል። ካሜራው ከመጀመሪያው ይልቅ ቀርፋፋ ነበር፤ ምስሎቹም በባለ ሦስት አውታር መልክ ለሕዝብ ስለመታየታቸው የተገኘ ማስረጃ የለም።

ጎን ለጎን የሚያርፍ ጥንድ ምስል የሚለው መንገድ ግን አልጠፋም። በ1950ዎቹ ቦሌክስ ለ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ባለ ሁለት ሌንስ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው አንዱን የፊልም ክፈፍ ለሁለት ከፍሎ የግራና የቀኝ ምስል ያሳርፍበት ነበር። የቤተሰቡን ፊልም በራሱ የሚቀርጽ ሰውም ልዩ መነጽርና ብርማ ስክሪን ተጠቅሞ ጥልቀት ያለው ፊልም በቤቱ ማየት ቻለ።

ኪሳራና የቀለም ፊልም

በ1891 ፍሪዝ-ግሪን ከሰረ፤ ንብረቱም ለዕዳ ተሸጠ። ሄሌና በ1895 ሞተች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ለከፋይ ተመልካች ፊልም አሳዩ። እርሱም በኋላ ሁለተኛ ሚስት አግብቶ ፊቱን ወደ ቀለም ፊልም መለሰ፤ ባዮከለር የተባለውንም ዘዴ አወጣ። ነገር ግን የጆርጅ አልበርት ስሚዝ ኪኔማከለር የተባለው ዘዴ መብት መንገዱን ዘጋበት። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1914 የይግባኝ ችሎት የስሚዝ መብት እንዲሰረዝ ወሰነ፤ የጌቶች ምክር ቤትም በ1915 ውሳኔውን አጸና። ድሉ ግን ለፍሪዝ-ግሪን ሀብት አላመጣለትም።

አሟሟቱ

ሜይ 5 ቀን 1921 በለንደን በተደረገ የፊልም ነጋዴዎች ስብሰባ ላይ ተገኘ። ተነሥቶ ከተናገረ በኋላ ወደ መቀመጫው ተመልሶ ወደቀና ሞተ። በኪሱ የተገኘው አንድ ሺሊንግና አሥር ፔኒ ብቻ እንደነበረ ይነገራል። ሃይጌት መካነ መቃብር ተቀበረ፤ የመቃብሩ ሐውልት የሲኒማ ፈጣሪ ይለዋል።

ክርክሩ

በ1951 በጆን ቦልቲንግ የተዘጋጀው ዘ ማጂክ ቦክስ የተባለ ፊልም ፍሪዝ-ግሪንን የተረሳ ፈጣሪ አድርጎ አቀረበው፤ ሮበርት ዶናት ሆኖ ተጫውቶታል። በኋላ የኮዳክ ሙዚየም ኃላፊ የነበረው ብራያን ኮ ማስረጃዎቹን መርምሮ፣ ዝናው ከሥራው በላይ የተጋነነ ነው አለ። ሉዊ ለ ፕሪንስ በ1888 በሊድስ ተንቀሳቃሽ ምስል ቀርጾ ስለነበረ፣ ፍሪዝ-ግሪን የመጀመሪያው ሊባል አይችልም። በሌላ በኩል ግን ሴሉሎይድን፣ ባለ ሦስት አውታር ምስልንና ቀለምን ገበያው ሳይደርስባቸው በራሱ ገንዘብ መሞከሩ የታወቀ ነው። ልጁ ክሎድ ፍሪዝ-ግሪን የአባቱን የቀለም ዘዴ አሻሽሎ በ1920ዎቹ የብሪታንያን አገር የሚያሳዩ ፊልሞች ቀርጿል።