በአማርኛ ያዜሙት ዓሊም፦ ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር

በወሎ ምድር መንዙማ ሲነሣ ስማቸው ከማይዘነጋ ሊቃውንት አንዱ ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር ናቸው። የተወለዱት በ1845 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ገና ወጣት ሳሉ የአገሩ ዕጣ በአንድ ጉባኤ ተለወጠ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ፤ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። መኳንንቱ ሹመታቸውን ለማቆየት ቶሎ ተስማሙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሹመት ያልነበረው ገበሬ ግን ቀን የተጠመቀውን ሌሊት በስውር እየሰገደ ከረመ።

ሸኽ ጦልሐ እሺ ካላሉት ወገን ነበሩ። በ1870ዎቹ አጋማሽ ወሎ ላይ በተቀሰቀሰው ዐመፅ መሪ ሆነው ተነሡ። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር አገሩን አመሰው፤ በዚያ ዘመን ሠራዊት ስንቁን የሚያገኘው ከገበሬው ጎተራና በረት ነበርና ጉዳቱ ከማሳው ደረሰ። ብዙ ሳይቆይ የከብቱ ደስታ በሽታ ገብቶ በሬውን ሲጨርስ፣ የተረፈውን ክፉ ቀን ወሰደው። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ግዳጁ ላላ።

የሸኹን ስም ግን ከጦሩ ይልቅ ያቆየው ግጥማቸው ነው። ዐረብኛ የዓሊሙና የደረሳው ቋንቋ ነበር፤ ሞፈር የጨበጠው አባወራና ወፍጮ ላይ የምታድረው እናት አይሰሙትም። ሸኽ ጦልሐ ነቢዩን የሚያወድሰውን፣ አላህንም የሚማጸነውን መንዙማ በአማርኛ ደረሱ። በመንዙማ መሪው ቤቱን ያወርዳል፣ ሐድራው አዝማቹን ይቀበላል፣ ድቤና ጭብጨባ ያጅበዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከጥቂት ሌሊት በኋላ በቃሉ ይዞት ይሄዳል። መጽሐፍ ይቃጠል ይሆናል፤ በሕዝብ አንደበት ያደረን ዜማ ግን የትኛው ጦር ይማርከዋል?

ግጥሙ የሚጻፈው በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በሚሰፍር አማርኛ ነው። ሥራው ቀላል አይደለም። አማርኛ ሰባት አናባቢ ሲኖረው የዐረብኛ ፊደል ምልክት ያለው ለሦስት ብቻ ነው፤ እንደ ጨ እና ጰ ላሉት ድምፆችም ፊደል የለውም። ስለዚህ ጽሑፉን የሚያቀናው አስቀድሞ ዜማውን በጆሮው የሚያውቅ ሰው ነው።

ሸኽ ጦልሐ ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖረው፣ ጣሊያን አገሪቱን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. ገደማ አረፉ። መንዙማቸው ከሐድራ ወደ ሐድራ፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ቀጠለ።