የዝባዝንኬው ገጣሚና የክብሪቱ ጭስ

ሰሞኑን ሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቆሜ ሳለ ከፊቴ የነበረ ወጣት በድንገት ወድቆ ይንፈራገጥ ጀመር። ወዲያው ከበብነው። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ሌላው ጠበል እንዲወሰድ መከረ። ልጁ ሲነቃ ቦርሳውን አንስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰልፉን ትቶ ሄደ። ከበሽታው ይልቅ ዓይናችን ሳይከብደው አልቀረም።

ያን ዕለት ማታ ትዝ ያለኝ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሊር ነው። ሊር እ.ኤ.አ. በ1812 በለንደን ሆሎዌይ ተወለደ። ለወላጆቹ 20ኛ ልጅ ነበር። አባቱ የአክሲዮን ደላላ ነበሩ፤ የቤቱ ኑሮ ሲቃወስ የአራት ዓመቱን ሕፃን ተረክባ ያሳደገችው በ21 ዓመት የምትበልጠው እህቱ አን ናት። ገና በሕፃንነቱ የሚጥል በሽታ ያዘው። በሽታው በዘመኑ ነውር ስለነበር ዕድሜውን ሙሉ ደበቀው። ሊነሳበት ሲል ስለሚታወቀው ከሰው ገለል ይል ነበር። ማስታወሻው ላይም ሕመሙን የሚመዘግበው በመስቀል ምልክት ብቻ ነበር።

እጁ ግን የተባረከ ነበር። 20 ዓመት ሳይሞላው በለንደን የእንስሳት ማቆያ በቀቀኖችን እያየ መሳል ጀመረ። የደርቢው ባላባትም ግቢያቸው ውስጥ ያሉትን እንስሳት እንዲስልላቸው አስጠሩት። እዚያ ለቤቱ ልጆች ማሳቂያ አጫጭር የዝባዝንኬ ግጥሞች ይጽፍ፣ ከእያንዳንዱም ጋር ሥዕል ያኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 በብዕር ስም አሳተማቸው። በዚያው ዓመት ንግሥት ቪክቶሪያን ሥዕል አስተምሯል።

የግጥሞቹ ሰዎች ጉድ ናቸው። የአንዱ ጺም የወፎች ጎጆ ነው፤ የሌላው አፍንጫ ማለቂያ የለውም። እኛ የሕግ ሰዎች ጥፋትን የምንለካው አንድ አስተዋይ ሰው በቦታው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብለን ነው። የሊር ሰዎች በዚህ ሚዛን አንዳቸውም አያልፉም። በዙሪያቸው ደግሞ ስም የሌላቸው ሰዎች ቆመው ይታዘባሉ፣ ይመክራሉ፣ አንዳንዴም ይደበድባሉ። ሥዕሉን ስናይ ግን ባለጉዳዩ ብዙ ጊዜ እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ በደስታ ይደንሳል። ግጥሙ የፈረደበትን ሥዕሉ ነፃ ያወጣዋል። ውበቱም እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1867 ለአንድ ወዳጁ ትንሽ ልጅ የጻፈው ግጥም ጉጉትና ድመትን በጀልባ አሳፍሮ ያጋባል። ጉጉት በእኛ አገር የሟርት ወፍ ናት፤ ሊር ግን ሙሽራ አደረጋት።

የዘመኑ ሰው የሆኑትን የእኛን አለቃ ገብረ ሐናን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ የቅኔና የአቋቋም ሊቅነታቸው ተዘንግቷል። ሊርም እንዲሁ ነው። ዓለምን የዞረ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ፣ በስሙ የተሰየመ በቀቀን ያለው ሰው ሆኖ ሳለ፣ የሚታወሰው በዝባዝንኬው ነው። ሳያገባ፣ ሳይወልድ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1888 ጣሊያን ሳን ሬሞ ውስጥ አረፈ።

ዝባዝንኬ የምንለው ያ ሁሉ ሳቅ የከባቢን ዓይን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። እኔም ባለፈው ከከባቢዎቹ አንዱ ነበርኩ። የወደቀ ሰው ክብሪት አይፈልግም። ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ እስኪነቃ አጠገቡ መቆየት፣ ካልቆመለት ሐኪም ዘንድ ማድረስ ነው። ሲነሳ ደግሞ የሰልፍ ቦታውን ይዞ መጠበቅ።