የማይክ ችግር የመሰለኝ ድምፅ

ባለፈው ሚያዝያ 30 ለማርቆስ ንግሥ ደብረ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን መቅረጫ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ለድምፅ ሥራ ልምምድ። ማታ ዶርም ተቀምጬ ስሰማው ከበሮውና ጽናጽሉ መሃል ድው ድው የሚል ነገር አለ። የማይክ ችግር መስሎኝ ላጠፋው ምንም አልቀረኝም። ለካ መቋሚያ ነው! እኔ እኮ መቋሚያ ማለት ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆሙ ካህናት መደገፊያ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ይህቺ ዱላ ናት ወደ ቅዱስ ያሬድ የወሰደችኝ። በቤተ ክርስቲያን እንደሚተረከው ያሬድ በ505 ዓ.ም. አክሱም ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ሞተበትና እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ ግን አልገባ አለው። ሲገረፍ መሮት ጠፋ። መንገድ ላይ ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንድ ትል ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉ ላይ ሲወጣ አየና ተመለሰ። (እኔም አንደኛ ዓመት ላይ ሻንጣዬን ሸክፌ መናኸሪያ ደርሼ ተመልሻለሁ። ትል ግን አላየሁም፤ የመኪና ትኬት አልቆ ነው።)

ከዚያ በኋላ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት ዜማዎች አስተማረ፤ ድጓን ደረሰ። በአጼ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ የተመረኮዙት ጦር የያሬድን እግር ወጋው፤ ዜማው እስኪያልቅ ሁለቱም አላወቁም ይባላል። ንጉሡ የፈለገውን እንዲጠይቅ ቢፈቅዱለት ያሬድ ስሜን ሄዶ እንዲመንን ጠየቀ፤ እዚያም አረፈ። እዚህም ላይ ታሪኩን የቀየረው የሚመረኮዙት ነገር መሆኑ ገረመኝ።

ወደ ዕቃዎቹ ስንመጣ፣ ጽናጽል በጥንቷ ግብፅም ለአምልኮ ይንሿሿ ነበር፤ በሽቦዎቹ ላይ ያሉት ትናንሽ ብረቶች እየተጋጩ ነው የሚጮኸው። ከበሮው ደግሞ በሰፊውና በጠባቡ ጎኑ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። ቁም ዜማ ላይ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ዝማሜ ሲጀመር መቋሚያው ከፍ ዝቅ እያለ፣ መሬቱን እየመታ ምቱን ይይዛል። መረግድ ላይ ከበሮውና ጽናጽሉ ቀስ ብለው ይገባሉ፤ ጽፋት ላይ ይፈጥናሉ፤ ጭብጨባም ይታከላል። አንድ መሪጌታ እንዳስረዱኝ መቋሚያ የያዘ ሰው በእጁ ዜማውን ይቆጥራል።

ቀረጻውን ሳልቆርጠው አስረከብኩ። ግንቦት 11 የያሬድ በዓል ነው። ያኔ መቅረጫውን ዝቅ አድርጌ፣ ከወለሉ አጠገብ ላስቀምጠው አስቤያለሁ።