የጸሐፊዎችን እጅ የመረመረው ሐኪም

እጁን አሞት ወደ ክሊኒክ የመጣን ሰው ሐኪም ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ሥራው ምን እንደሆነ ነው። ብዙ ታካሚዎች ጥያቄውን ካርድ ለመሙላት ብቻ የሚቀርብ ይመስላቸዋል። ይህ ጥያቄ በሕክምና ውስጥ ቋሚ ቦታ እንዲይዝ ያደረገው ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። ብዕር የሰውን እጅ እንዴት እንደሚጎዳ ከ300 ዓመት በፊት የጻፈውም እርሱ ነው። ዛሬ ልጆቻችን ብዕር የሚጨብጡት ደብተር ላይ ብቻ ሳይሆን በታብሌት ጌም ለመጫወትም ስለሆነ የእርሱን ታሪክ ማንሳት ወደድኩ።

ራማዚኒ እ.ኤ.አ በ1633 በሰሜን ጣሊያን ካርፒ በተባለች ከተማ ተወለደ። በፓርማ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1659 በሕክምና ተመረቀ። ከዚያም ከሮም ብዙ በማይርቁ ትንንሽ ከተሞች ሥራ ጀመረ፤ ሆኖም ወባ ክፉኛ ስላመመችው ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። በ1671 ወደ ሞዴና ተዛውሮ ሲያክም ቆየ፣ በ1682ም በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር ሆነ።

የሕይወቱን አቅጣጫ የቀየረው ነገር የተከሰተው እዚያው ሞዴና፣ በገዛ ቤቱ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድ ሊጠርግ የመጣ ሠራተኛ በችኮላ ሲሠራ ያየዋል። በዚያ ሽታ ውስጥ እንዲህ የሚያጣድፈው ምን እንደሆነ ጠየቀው። ሠራተኛው ጉድጓዱ ውስጥ ከጥቂት ሰዓት በላይ የቆየ ሰው ዓይኑ እንደሚቃጠል፣ ከሥራ በኋላም ጨለማ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ግድ እንደሚለው አስረዳው። ራማዚኒ የሰውዬውን ዓይን ቢያይ ቀልቶና ደብዝዞ አገኘው። በከተማው ዓይናቸው ጠፍቶ ከሚለምኑት መካከል በዚህ ሥራ ያረጁ እንዳሉም ተገነዘበ። ሌላ ሐኪም ቢሆን አዝኖ ያልፈው ነበር።

እርሱ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ ቦታዎች መሄድ ጀመረ። ሸክላ ሠሪዎችን፣ ጫማ ሰፊዎችን፣ ልብስ ሰፊዎችን፣ የማዕድን ቆፋሪዎችን በያሉበት እየጎበኘ ጠየቀ። ሐኪም ወደ ድሃ ቤት ሲገባ የክብር ወንበር ሳይጠብቅ በተገኘው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ታካሚውን ረጋ ብሎ እንዲጠይቅም መክሯል። ለባልደረቦቼም ሆነ ለራሴ ይህ ምክር ዛሬም ከብዙ መሣሪያ በላይ የሚጠቅም ይመስለኛል። ያየውን በላቲን ቋንቋ ጽፎ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ የሚያትተውን መጽሐፉን አሳተመ። በዚያው ዓመት ወደ ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ተጠራ።

መጽሐፉ በ1713 ተጨማሪ ሙያዎችን አካቶ እንደገና ሲታተም ራማዚኒ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ስለ ጸሐፊዎች የተናገረው በዚህ እትም ነው። ጸሐፊ ድንጋይ አይሸከምም፣ እሳት አይገርፈውም፤ ታዲያ ለምን ይታመማል? ራማዚኒ ሦስት ምክንያት አቀረበ። ቀኑን ሙሉ መቀመጡ አንድ ነው። እጁ ያለ እረፍት በአንድ አቅጣጫ መንቀሳቀሱ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ስህተት ሠርቼ መዝገብ አበላሽ ይሆን፣ በሂሳብ አሠሪዬን አከስር ይሆን በሚል አእምሮው ተወጥሮ መዋሉ ነው።

ይህን ዝርዝር ሳነብ በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣብኝ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ወጣት ነው። ኦሱ የተባለውን ጌም የሚያውቁ ይረዱኛል። በሙዚቃው ምት ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚሉ ክቦችን ማግኘት ያስፈልጋል፤ ብዙ ተጫዋቾችም ጠቋሚውን የሚያንቀሳቅሱት በማውዝ ፋንታ በታብሌት ብዕር ነው። መቀመጡ አለ፤ የአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ድግግሞሹ አለ፤ አንድ ምት እንዳያመልጥ መጨነቁም አለ። ሰው ሲጨነቅ ሳያውቀው ብዕሩን አጥብቆ ይጨብጣል፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰቅላል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በአውራ ጣትና በእጅ አንጓ በኩል የሚያልፉት ጅማቶች በሽፋናቸው ውስጥ ሲፋተጉ ይቆጣሉ፣ ያብጣሉ።

ስለዚህ ብዕሩን ላላ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ቀጭን ከሆነ እንደ ስፖንጅ ያለ ለስላሳ ነገር ጠቅልሎ ማወፈር ጭብጡን ያሳርፋል። አብዛኞቹ ታብሌቶች ብዕሩ ሳይነካቸው ጥቂት ከፍ ብሎም ጠቋሚውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ስለዚህ መጫን ከንቱ ድካም ነው። ክንድ በጠረጴዛ ላይ ያረፈ፣ የእጅ አንጓም ወደ ላይም ወደ ጎንም ሳይታጠፍ ቀጥ ያለ ይሁን። የታብሌቱን የመጫወቻ ስፋት በጣም ያጠበበ ሰው ሥራውን ሁሉ በጣቶቹና በእጅ አንጓው ላይ ይጥላል፤ ሰፋ ሲል ክንድም ያግዛል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ እጅን ማፍታታት መልካም ነው። እረፍቱ ሕመም ከመምጣቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ራማዚኒ ካሰፈራቸው ታሪኮች እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ የአንድ የውል ጸሐፊ ታሪክ ነው። ሰውዬው ዕድሜውን በጽሕፈት ያሳለፈና ራማዚኒ በቅርብ የሚያውቀው ነበር። መጀመሪያ ክንዱን ደከመው፣ መድኃኒትም አላሻለው አለ፣ በመጨረሻ ቀኝ እጁ ከነጭራሹ አልታዘዝ አለ። እንጀራው ነውና በግራ እጁ መጻፍን ተለማመደ። ብዙም ሳይቆይ ግራ እጁም ያንኑ በሽታ ያዘ። ዛሬ ሐኪሞች የጸሐፊ እጅ መኮማተር የሚሉት፣ መነሻው ጡንቻን በሚያዘው የአእምሮ ክፍል ውስጥ የሆነ ሕመም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ እርሱም አንዳንዴ ወደ ሌላው እጅ ይሻገራል።

የኦሱ ተጫዋችም ሁለተኛ እጁ ሥራ ፈት አይደለም። አንዱ እጅ ብዕር ሲያንቀሳቅስ ሌላው በሁለት ጣት ኪቦርድ ይደበድባል፤ ስለዚህ እጅ መለዋወጥ እረፍት አይሆንም። የሕመም ማስታገሻ ውጦ መቀጠል ደግሞ የከፋ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ያፍናል፣ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች በተደጋጋሚ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ። ሕመም ከተጀመረ ጌሙን ለጥቂት ቀናት ማቆም ይገባል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተሻለ፣ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ከደነዘዙ፣ ሌሊት በመንዘር ስሜት ከእንቅልፍ ከነቃችሁ፣ ወይም ስኒ ከእጃችሁ መውደቅ ከጀመረ ወደ ሐኪም ሂዱ። የደነዘዘ እጅን ወጌሻ ዘንድ ወስዶ አጥብቆ ማሳሸትን አልመክርም፤ የተጨነቀ ነርቭን ይብስ ይጎዳል። ሐኪም ቤት ስትሄዱም በቀን ስንት ሰዓት እንደምትጫወቱ ሳትደብቁ ተናገሩ። ወላጆችም በዚህ ጊዜ ልጁን ለመቆጣት አትቸኩሉ፤ የሚፈራ ልጅ እጄን ያመመኝ ወድቄ ነው ይላል፣ ሐኪሙም የሌለ ስብራት ሲፈልግ ይውላል።

ራማዚኒ በስተርጅናው የዓይኑ ብርሃን ደክሞና በራስ ምታት እየተቸገረም ማስተማሩን አላቆመም። የጸሐፊዎቹ ምዕራፍ በታተመ በዓመቱ፣ በኅዳር ወር 1714፣ በ81 ዓመቱ ፓዱዋ ውስጥ አረፈ።