ክሎድ ሻፕ

ክሎድ ሻፕ (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1763 – ጃንዋሪ 23 ቀን 1805) ፈረንሳዊ የፈጠራ ሰው ሲሆን፣ በዓይን በሚታይ ምልክት መልእክት የሚያስተላልፈውን ቴሌግራፍ ሠርቶ የመጀመሪያውን ቋሚ መስመር የዘረጋ ነው።

የተወለደው በምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኘው ብሩሎን ነው። ለቤተ ክህነት አገልግሎት ቢማርም፣ ከቤተ ክርስቲያን ያገኘው የነበረው ገቢ በ1789 በተነሣው አብዮት ምክንያት ቀረበት። ከዚያ በኋላ ከወንድሞቹ ጋር ሙከራ ጀመረ። በማርች 1791 ከብሩሎን ወደ ፓርሴ መልእክት ላኩ። በ1792 ፓሪስ አጠገብ ቤልቪል ላይ ያቆሙትን መሣሪያ ግን ሕዝቡ አፈራረሰው፤ ከታሰረው ንጉሥ ጋር በምስጢር መነጋገሪያ መስሎት ነበር።

ታላቅ ወንድሙ ኢኛስ የሕግ አውጪው ምክር ቤት አባል መሆኑ ሳይረዳው አልቀረም። በጁላይ 1793 በመንግሥት ተወካዮች ፊት የተደረገው ሙከራ ተሳካ። በሰሜን ድንበር ጦርነት ስለነበር ከፓሪስ እስከ ሊል መስመር እንዲሠራ ተወሰነ፤ በ1794ም ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት የኮንዴ ከተማ ከኦስትሪያ ጦር መለቀቋ በዚሁ መስመር ፓሪስ ተሰማ።

መሣሪያው በምሰሶ ላይ የሚዞር ረጅም አግዳሚ ነበረው፤ በአግዳሚው ሁለት ጫፎች ላይም በገመድ የሚንቀሳቀሱ ክንዶች ነበሩ። እያንዳንዱ ክንድ 7፣ አግዳሚው ደግሞ 2 አቀማመጥ ስለነበራቸው በድምሩ 98 ምልክቶች ይገኛሉ። 6ቱ ለሥራ ትእዛዝ ተለይተው 92 ይቀራሉ። የምስጢር መጽሐፉም 92 ገጽ፣ በየገጹ 92 ቃላት ነበሩት፦ የመጀመሪያው ምልክት ገጹን፣ ሁለተኛው ቃሉን ያመለክታል። በዚህ መንገድ በሁለት ምልክት ብቻ ከ8,464 ቃላት አንዱን መላክ ይቻላል። በየጣቢያው ያለው ሠራተኛ የጎረቤቱን ጣቢያ በመነጽር አይቶ ያንኑ ምልክት ይደግማል እንጂ ትርጉሙን አያውቅም። የዛሬ የኮምፒውተር መረብ መሣሪያዎችም መልእክቱን ሳይረዱ ወደሚቀጥለው ማሳለፋቸው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ሌሊትና ጭጋግ ሲሆን ሥራው ይቆማል።

ሻፕ መሣሪያውን ፈጥኖ ጸሐፊ የሚል ትርጉም ባለው የግሪክ ቃል ሊሰይመው አስቦ ነበር። ሚዮ ደ ሜሊቶ የተባለ ባለሥልጣን ግን ቴሌግራፍ፣ ማለትም የሩቅ ጸሐፊ፣ የሚለውን ስም አቀረበለት።

በ1798 መስመሩ ስትራስቡርግና ብሬስት ደረሰ። ሆኖም ሌሎች ሐሳቡ የእኛ ነው እያሉ ተነሡበት፤ መሣሪያውን በመሥራት የረዳው ሰዓት ሠሪው ብረጌ ሳይቀር ከቤታንኩር ጋር ሆኖ ተፎካካሪ ቴሌግራፍ አቀረበ። ሻፕ በሕመምና በጭንቀት ተዋጠ፤ በ41 ዓመቱም ፓሪስ ውስጥ ራሱን ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ጥሎ ሞተ።

ወንድሞቹ ሥራውን ቀጠሉ፤ ጣቢያዎቹም ውሎ አድሮ ከ500 በላይ ሆኑ። በ1850ዎቹ የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍ ተካቸው። በ1893 ፓሪስ ውስጥ የቆመለት የነሐስ ሐውልት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከተማዋ በጀርመን በተያዘችበት ጊዜ፣ ለብረቱ ሲባል ቀልጧል።